ዳጉ ያልሰማ መንገደኛ

(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ አባል ስለ አፋር ጉዟቸው ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች በሰሌዳው ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)

የማኅበራችን ሊቀ መንበር «ያያችሁትን ተናገሩ፤ ያጠፋችሁትንም አትደብቁ» ብለውኛል። እንደምታውቁት ወጣቶቻችን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ በረሃ ለመሄድ ስም በማስመዝገብ ላይ ናቸው። ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ይኸንን ቢሰሙ ይበጃል ብዬ ነው የቆምኩት።

በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ከዚህ ከሆሳዕና ዐሥራ አንድ ሆነን ተነሣን። ዱራሜ ላይ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ፤ ከሾፌሩ ጋር ዐሥራ አራት ሆንን። መኪናችን የቆየች አነስተኛ አውቶቡስ ነች። የኋላ ወንበሮቿን አስወልቀን ፍራሽ አነጠፍን፤ ቡታጋዝ፣ ድስትና ጀበና ጫንን። በውጭ አገር ሰዎች አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና ተከራይተው በረሃ ያቋርጣሉ። የእኛስ ከዚያ በምን ያንሳል አልን። ለስንቅ ቆጮ፣ ቆሎ፣ ዳቦና ቅቤ ያዝን። ቆጮው እስከ መጨረሻው ጸና። ቅቤው ግን መተሐራ ስንደርስ ዘይት ሆኖ የጎረቤቴን ጋቢ አጠጣው!

አገራችን ምን ያህል ልዩ ልዩ እንደሆነች በዚህ መንገድ ላይ ይታያል። ዱራሜ ላይ አምባሪቾን ቀና ብለን አየን፤ ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ በሐላባ ቁሊቶና በሻሸመኔ አድርገን ወደ ሻላና አብያታ ሐይቆች ወረድን። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። አብያታ ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። የሚመግቡት ወንዞች ውኃ ለመስኖ ስለሚጠለፍ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ሲቀዳ ስለኖረ፣ በጣም ሸሽቷል። የድሮው ዳርቻ ነጭ ሜዳ ሆኗል። መተሐራ ስንደርስ ደግሞ ተቃራኒውን አየን። የበሰቃ ሐይቅ ካለፈው ትውልድ ጀምሮ እየሰፋ መሬት ሲውጥ፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱንም ሲፈታተን ኖሯል። አንዱ ሐይቅ ሲሸሽ ሌላው ይመጣል። እንዴት ያለ ነገር ነው!

በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፏፏቴውንና ሳላዎቹን አየን። የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ጠረፍ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ገዋኔን አልፈን ወደ ሚሌ ስንቃረብ፣ ሉሲ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር በዚያው አውራጃ እንደሆነ ለልጆቹ ነገርኳቸው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሲባሉ ዝም አሉ።

ሰመራ አድረን በማግሥቱ ወደ አፍዴራ ጉዞ ጀመርን። ጥፋታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነበረን። ሰመራ ላይ የሞላነው ግን ሦስቱን ብቻ ነው፤ «ወደፊት የውኃ ፓምፕ አለ፤ ለምን መኪናዋን እናስከብዳታለን?» ተባለ። ሰርዶ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈራረሳት መንደር ነች። እዚያ አንድ አፋር ሽማግሌ ሾፌራችንን ሰላም ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። በአፋሮች ዘንድ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዝናቡን፣ ግጦሹን፣ ውኃውን፣ የታመመውን፣ የመንገዱን ሰላም። ይኸንን ዳጉ ይሉታል። የሰማውን ጨምሮ ወይም ቀንሶ ማውራት ትልቅ ነውር ነው።

እኛ ግን ቸኩለናል። ፀሐይ ወጥታለች፤ ፎቶግራፍ ማንሣት እንፈልጋለን። መኪና ውስጥ ሆነን «ኧረ እንሂድ!» እያልን ጮኽን። ክላክስ የነፋሁትም እኔው ነኝ። ሾፌሩ አፍሮ ተነሣ። ሽማግሌው ሁለት ነገር ሊነግሩት ነበር። ፓምፑ ተበላሽቷል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ጎማ ይቆርጣልና ከመንገዱ አትውጡ። ይኸንን ያወቅነው በኋላ ነው።

ፓምፑ ጋ ደረስን፤ ደረቅ ነው። ትንሽ እልፍ ብለን ለፎቶግራፍ ብለን ከመንገዱ ወጣን። ሁለት ጎማ በአንድ ጊዜ ተቀደደ። ስኮርታ ያለን አንድ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ሆነ። ጥላ የለም፤ ዛፍ የለም። ከውኃው ግማሹን ራዲያተሩ፣ እቃ ማጠቢያውና የጠዋቱ ቡና ጨርሰውታል።

ከመካከላችን ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ እናት ነበሩ። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ አሉ። ቀጥሎ ላባቸው ቆመ፤ ገላቸው እንደ ምጣድ ጋለ። ከዚያ እኔን በሟች ወንድማቸው ስም ጠሩኝ። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። በመኪናዋ ጥላ ሥር አስተኛናቸው፤ ነጠላ እያራስን ገላቸውን ሸፈንን፤ በካርቶን አራገብን። ልባቸው ሲመለስ በጥቂት በጥቂቱ ውኃ አጠጣናቸው። የቀረን ግን አንድ ጀሪካን አይሞላም፤ እኛም ዐሥራ አራት ሰዎች ነን።

በዚህ መካከል አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ መጣ። አማርኛ አይችልም፤ እኛም አፋርኛ አንችልም። የተኙትን እናት አየ፤ ጎማውን አየ፤ ባዶውን ጀሪካን በዱላው መታ መታ አደረገና ሄደ። «ትቶን ሄደ» አልን። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ አንድ ጨው የጫነ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። ውኃ ይዟል፤ ጎማ ይዟል። ልጁ ለግመል ነጂ፣ ግመል ነጂው ለሻይ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ ለሾፌሩ ነግረው ነው የደረሰልን። አንዲት ቃል አልተዛነፈችም፤ አሮጊት መታመሟን፣ ሁለት ጎማ መቀደዱን፣ ውኃ ማለቁን ሁሉ ያውቃል።

ገንዘብ ብንሰጠው እምቢ አለ። «መጀመሪያ ተቀመጡና ወሬያችሁን ንገሩኝ» አለን። ጠዋት የናቅነውን ነገር ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ከፈልን።

በማግሥቱ አፍዴራን አየን። ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ጨዋማውን ውኃ በፓምፕ ወደ ገንዳ ያስገቡታል፤ ፀሐይ ታደርቀዋለች፤ ሠራተኞች በአካፋ ይሰበስቡታል። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት ብዙው ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አገሪቱን በብዛት የመገበው አፍዴራ ነው። እዚህ በየጓዳችን ያለው ጨው በዚያ ሙቀት ሰው የለፋበት ነው። እናታችንም አንድ ቁራሽ ጨው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

ወጣቶቹ ኤርታ አሌ ድረስ እንሂድ ቢሉም በአንድ መኪና አይሆንም ብለን ተመለስን። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ያለው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ በነፋስ ተጭኖ የመንንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ደረሰ። አፍዴራ አመድ ለበሰች፤ የከብቶቹም ግጦሽ ተሸፈነ። ዜናውን ስሰማ በዓይኔ ላይ የመጣው ያ ፍየል ጠባቂ ልጅ ነው።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጉዞ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ የመጠጥ ውኃ ይያዝ፤ የራዲያተሩና የእቃ ማጠቢያው ለብቻው ይሁን። ወደፊት አለ በተባለ ውኃ ማንም አይመን።

ሁለተኛ፣ ሁለት መኪና፣ ለእያንዳንዱም ሁለት ስኮርታ።

ሦስተኛ፣ ጉዞው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀመር፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ሥር ይታረፍ። ላብ የቆመበት ወይም የሚቀባዥር ሰው ከታየ ጉዞው ቆሞ ያ ሰው ይቀዝቅዝ፤ ወዲያውም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አይሰጥም።

አራተኛ፣ ከመነሣት በፊት የመንገዱ ሰላምና የተራራው ሁኔታ ከአካባቢው መስተዳድር ይጠየቅ፤ የአገሩ ተወላጅ መሪም ይቀጠር። ሽማግሌ «ተቀመጡ» ካለ ይቀመጡ! ክላክስ የሚነፋ ሰው ካለ ከመኪና ይውረድ።

አምስተኛ፣ ውኃ ያጠጡንን ሰዎች ባዶ እጃችንን እንዳናያቸው ማኅበራችን ምን ይዘን እንሂድ በሚለው ይነጋገርበት።

በመጨረሻም፣ ይህ የምታዩት ሰሌዳ የእኛ ዳጉ ነው። ስንቶቻችን ቆመን እናነበዋለን? ለቅሶው፣ መዋጮው፣ የጠፋው ልጅ ሁሉ እዚህ ይለጠፋል፤ እኛ ግን ስንቸኩል እናልፈዋለን። እናታችን በጤና እዚሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ ቆሞ ስላየ፣ ያየውንም ሳያዛባ ስለተናገረ ነው።