ፈትሾ መንዳት
ለተማሪዎች የውድድር ሮቦት የመፈተሻ ፕሮግራም ስለ መጻፍ
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ርእስ በመጠኑ ትንሽ ነው። በሁለት እጅ ሊነሣ የሚችል፣ በተማሪዎች የሚገጣጠም፣ ሜዳ ላይ ከሦስት ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ የሚንቀሳቀስ የውድድር ሮቦት አለ። ስለዚህ ሮቦት ጠቅላላ አሠራር እንኳ አልናገርም፤ ከውድድሩ በፊት እያንዳንዱን ሞተርና እያንዳንዱን ሴንሰር ለየብቻ ለመፈተሽ ስለሚጻፈው አጭር ፕሮግራም ብቻ እናገራለሁ። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት፣ በዚህች አጭር ፕሮግራም ውስጥ የሙያችን ዋና ጠባይ፣ ይኸውም ያልተፈተሸን ነገር አለማመን፣ ተጠቅልሎ ስለሚገኝ ነው። ይህ ጠባይ በወጣትነት ካልተለመደ ኋላ በብዙ ዋጋ ይገዛል።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ እንዳናየው አንድ ቦታ እንያዝ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሲያልፍ፣ የደጋ ዳሞት ወረዳ ከተማ ፈረስ ቤት ከዚሁ መንገድ ወጣ ብላ በደጋው ላይ ትገኛለች። ስሟ እንደሚያመለክተው ፈረስ በዚያ አገር እንግዳ አይደለም። ፈረሰኛ ወደ ጉግስ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት ልጓሙን ሳብ አድርጎ ያያል፤ የኮርቻውን ማሰሪያ ያጠብቃል፤ እርካቡን በእግሩ ረግጦ ይሞክራል። ሁሉን ለየብቻ የሚፈትሸው፣ ፈረሱ ከጋለበ በኋላ የትኛው እንደ ጎደለ ለመለየት ጊዜ እንደማይኖር ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ የቆየ ጥበብ ለሮቦት እንዴት እንደምናውለው የሚያስረዳ ነው ማለት ይቻላል።

ፈረስ ቤትን የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለ። በትልልቅ ከተሞች አንድ ሞተር ቢቃጠል ሌላ ይፈለጋል። በገጠር ከተማ ግን የተቃጠለው ሞተር የዓመቱን ሥራ ይዞ ይሄዳል። ከዚህም በላይ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። የትምህርት ጊዜው እንዲህ የተነጠቀበት ወጣት ያገኛትን ጥቂት ሰዓት በግምት ሥራ ሊያባክናት አይገባም። ስለዚህ ፈትሾ መሥራት ለባለጸጋው ቡድን መልካም ልማድ ሲሆን፣ ለድኻው ቡድን ግን የህልውና ጉዳይ ነው።

ስለ ውድድሩ ጥቂት ልበል። በዲን ኬመን አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የተመሠረተው ፈርስት የተባለው ድርጅት ወጣቶች ሮቦት ሠርተው የሚወዳደሩበትን ሥርዓት ዘረጋ። ከዚህም መንፈስ የመነጨው ፈርስት ግሎባል የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሐምሌ ወር 2009 ዓ.ም. በዋሽንግተን ተካሄደ። የየአገሩ ቡድን አንድ ዓይነት የዕቃ ሣጥን ተቀብሎ የራሱን ሮቦት ይገጣጥማል። ኢትዮጵያም በዚህ ውድድር ቡድን አሰልፋለች። ዕቃው ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከአሳብና ከአሠራር ጥንቃቄ ነው።

በእነዚህ ውድድሮች በሰፊው የተሠራበት ኮንትሮል ሀብ የተባለው የመቆጣጠሪያ ሣጥን በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። አራት የሞተር፣ ስድስት የሰርቮ፣ ስምንት የዲጂታልና አራት የአናሎግ መግቢያና መውጫዎች አሉት። ለእኛ አገር ሁኔታ ከሁሉ የሚበልጠው ጠቀሜታው ግን የራሱን የዋይፋይ መረብ የሚያሠራጭና የፕሮግራም መጻፊያውን በውስጡ የያዘ መሆኑ ነው። ተማሪው በአንድ ላፕቶፕ ከሣጥኑ ጋር ተገናኝቶ በጃቫ ቋንቋ ወይም በሥዕላዊ ብሎኮች መጻፍ ይችላል፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። እንግዲህ ኢንተርኔት የለም ተብሎ የሚቀር ሥራ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። ከተማሪዎች ጋር በሠራሁባቸው ጊዜያት ደጋግሜ ያየሁት ልማድ የሚከተለው ነው። ሮቦቱ ተገጣጥሞ እንዳለቀ ሙሉው የውድድር ፕሮግራም ይጫናል፤ ማዘዣው ይነካል፤ ሮቦቱም በአንድ ቦታ ይሽከረከራል፣ ወይም ክንዱ ወደማይሄድበት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ክርክር ይነሣል። አንዱ ሽቦው ነው ይላል፤ ሁለተኛው ፕሮግራሙ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ባትሪው ነው ይላል። ሦስቱም ሊሆን ስለሚችል ሦስቱም ይነካካሉ፤ በመጨረሻም ሮቦቱ ቢስተካከል እንኳ በምን እንደ ተስተካከለ የሚያውቅ አይገኝም። የመፈተሻ ፕሮግራም የሚጻፈው ይህን ክርክር በማስረጃ ለመዝጋት ነው።

የመፈተሻ ፕሮግራም የመጀመሪያ ሕጉ አንድ አዝራር ለአንድ ሞተር የሚል ነው። በመንጃው ላይ ካሉት አዝራሮች አንዱ የግራውን ጎማ ብቻ፣ ሁለተኛው የቀኙን ብቻ፣ ሦስተኛው ክንዱን ብቻ ያዝዛል። ኃይሉም ዝቅተኛ ይሁን። የሞተር ትእዛዝ ከአሉታዊ 1 እስከ አዎንታዊ 1 ባለው መካከል ስለሚሰጥ፣ ለፍተሻ 0.3 ይበቃል።

ሁለተኛው ሕግ ሞተሩ የሚሠራው ጣት በአዝራሩ ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህ በፕሮግራሙ ውስጥ በሁለት ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። አዝራሩ ከተጫነ ለግራው ሞተር 0.3 ስጥ፤ ካልተጫነ 0 ስጥ። ብዙ ጀማሪዎች የፊተኛውን ጽፈው የኋለኛውን ይተዉታል። ሞተሩ ግን የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ የሚቆይ በመሆኑ፣ ዜሮ ካልታዘዘ ጣቱ ቢነሣም መሽከርከሩን አያቆምም። ስለዚህ ከፍተሻዎች ሁሉ የመጀመሪያው መነሣቱን ሳይሆን መቆሙን መፈተሽ ነው። ይህም ሮቦቱ በሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ጎማዎቹ መሬት ሳይነኩ ይደረጋል።

ሦስተኛው የአቅጣጫ ፍተሻ ነው። የግራና የቀኝ ሞተሮች ፊት ለፊት ተገልብጠው ስለሚታሰሩ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት አዎንታዊ ትእዛዝ ቢሰጥ አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ይዞራል፤ ሮቦቱም በቆመበት ይሽከረከራል። ስለዚህ ከሁለቱ የአንዱ አቅጣጫ በፕሮግራሙ መገልበጥ አለበት። የትኛው እንደሚገለበጥ ግን በክርክር አይወሰንም፤ አዝራሩን ተጭኖ ጎማውን በዓይን አይቶ ነው። የመንጃው ዘንግም የራሱ ጠባይ አለው፤ ወደፊት ሲገፋ የሚሰጠው ቁጥር አሉታዊ ነው። ይህን ያላወቀ ቡድን ደኅናውን ሞተር ፈትቶ ሲያስር ይውላል።

አራተኛው የቆጣሪው ፍተሻ ነው። በእነዚህ ሮቦቶች ከተለመዱት አንዱ ሞተር ዘንጉ አንድ ጊዜ ሲዞር 28 ይቆጥራል። 20 ለ1 የሆነ ማርሽ ሲገጠምለት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 560 ይቆጥራል። የጎማው አግድመት 90 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 283 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲያስ አንድ ሜትር ለመሄድ 1,981 ያህል ቁጥር ያስፈልጋል። ይህን ስሌት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ግን ስሌቱ ብቻ አይበቃም። በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ተደርጎ፣ ጎማው አንድ ዙር በእጅ ሲዞር መስኮቱ ላይ የሚታየው ቁጥር 560 አካባቢ መሆን አለበት። 1,120 ከታየ የተገጠመው ማርሽ 40 ለ1 ነው ማለት ነው፤ ሮቦቱም ከታሰበው መንገድ ግማሹን ብቻ ሄዶ ይቆማል። ዜሮ ከታየ የቆጣሪው ሽቦ አልተሰካም።

ርቀትን በቆጣሪ ፈንታ በጊዜ መለካት ለምን እንደማይበጅም እዚህ ላይ ይታያል። ለሞተሩ የሚሰጠው ትእዛዝ የባትሪው ጉልበት ክፍልፋይ ነው። ባትሪው ሲደክም በዚያው ትእዛዝና በዚያው ሁለት ሰከንድ ውስጥ ሮቦቱ አጭር መንገድ ይሄዳል። ጠዋት የተሳካው ከሰዓት በኋላ አይሳካም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ስለማይሆን፣ የመፈተሻው ፕሮግራም የባትሪውን ቮልት ዘወትር በመስኮቱ ላይ ማሳየት አለበት።

አምስተኛው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው፣ የማቆሚያ ሴንሰሮች ፍተሻ ነው። ክንዱ ጫፍ ሲደርስ የሚነካው የመዳሰሻ አዝራር በብዛት ሲነካ ዝቅተኛ፣ ሳይነካ ከፍተኛ ምልክት ይሰጣል። ሽቦው ቢነቀልስ? ከፍተኛ ምልክት ይሰጣል። ስለዚህ ለፕሮግራሙ የተነቀለ ሽቦና ያልተነካ አዝራር አንድ ናቸው፤ ክንዱም ምንም አልነካሁም እያለ ብረቱን እስኪያጣምም ይገፋል። በፋብሪካ የምንሠራ ሰዎች የማቆሚያ መስመሮችን ሽቦው ሲበጠስ ማሽኑ እንዲቆም አድርገን የምንዘረጋው ስለዚህ ነው። በሮቦቱ ላይ ይህን ማድረግ ባይቻል እንኳ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት አዝራሩን በጣት ተጭኖ በመስኮቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሲለወጥ ማየት ግዴታ ነው።

ይህ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ካለ ወደ ቡሬ ይመልከት። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካን በመሰለ ድርጅት ውስጥ ፓምፑም ማጓጓዣውም በሞተር የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሐንዲሱ እያንዳንዱን ሞተር ለቅጽበት አስነሥቶ አቅጣጫውን ያያል፤ ከሦስቱ የፌዝ ሽቦዎች ሁለቱ ቢለዋወጡ ሞተሩ ወደኋላ ይዞራልና። እያንዳንዱንም ሴንሰር ከሥፍራው እስከ መቆጣጠሪያው ክፍል ድረስ አንድ በአንድ ይከታተላል። የፈረስ ቤት ተማሪ አዝራር ተጭኖ ጎማ ሲመለከት የሚሠራው ሥራ ከዚህ በመጠን እንጂ በዓይነት አይለይም።

ያልተፈተሸ እምነት ምን ያህል እንደሚያስከፍልም አገራችን በመራራ ሐዘን ታውቀዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302፣ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ በፊት አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ የነበረው ሶፍትዌር የሚመራው ከአንድ ሴንሰር ብቻ በሚመጣ መረጃ ነበር፤ ያ ሴንሰር ሐሰት ሲናገር የሚያርመው ሁለተኛ ምስክር አልነበረውም። ትንሹን ነገር ከታላቁ ሐዘን ጋር ለማወዳደር አልደፍርም። ነገር ግን ይህ ሴንሰር ቢዋሽ ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅን በአሥራ ስድስት ዓመቱ የተማረ ልጅ በአርባ ዓመቱ አይረሳውም የሚል እምነት አለኝ።

በመጨረሻ፣ ለሥራ የሚሆኑ ጥቂት አሳቦችን ላቅርብ። አንደኛ፣ ፍተሻውን ፕሮግራሙን ያልጻፈ ተማሪ ያድርገው፤ ጸሐፊው የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ያያልና። ሁለተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሦስተኛ፣ ቀኑ፣ የባትሪው ቮልት፣ የተለወጠውና የታየው ነገር በደብተር ይመዝገብ፤ ደብተሩም ለሚቀጥለው ዓመት ቡድን ይተላለፍ። አራተኛ፣ እያንዳንዱ ሽቦ የግራ ጎማ፣ የቀኝ ጎማ፣ ክንድ ተብሎ በአማርኛ ወረቀት ይለጠፍበት። የጃቫ ቋንቋ በስሞች ውስጥ የግዕዝ ፊደልን ስለሚፈቅድ፣ ስሙ በፕሮግራሙም ውስጥ እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ፊደሉ ከእጁ ያልራቀ ተማሪ ለአሳቡም ይቀርባል።

ከማኅበራችን የምለምነው ደግሞ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከመካከላችን የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የደምበጫና የፈረስ ቤት ልጆች አሉ። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶችም በራቸውን ሲከፍቱ፣ እያንዳንዳችን ወደ ተማርንበት ትምህርት ቤት በዓመት ለሁለት ቀን ብንመለስና አንድ አዝራር፣ አንድ ሞተርና አንድ ባትሪ ይዘን ይህን ልማድ ብናሳይ ይበቃል። ሙሉ የሮቦት ሣጥን ባይገኝም ፍተሻ ይማራል፤ አምፖልና ማብሪያ ማጥፊያም ይፈተሻሉ። እስከዚያው ድረስ የመፈተሻውን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፈን፣ በአማርኛ አሳትመን እናዘጋጅ። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ባዶ እጃችንን እንዳንገኝ።