ክኒኑ ከእርግዝና በፊት ስለ መጀመሩ

(በወሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነገረ)



ዛሬ ወደ ቆሻሻው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ስለ እናቶች ጥቂት እንናገራለን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ የብዙዎቻችን ትምህርትም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ሆኖም ባለሙያ ጠይቀን የተረዳነውን ማካፈል ሥራችን ነው።

አንዳንድ ሕፃን የጀርባው አጥንት ሳይገጥም፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይዞ ይወለዳል። አንዳንዱም የራስ ቅሉ ሳይዘጋ ይወለድና ወዲያው ይሞታል። «ዓይን ነው»፣ «ጅን ነው»፣ «የእናትየዋ ኃጢአት ነው» ሲባል እንሰማለን። ይኼ ልክ አይደለም። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ቢሆንም ዋነኛው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን በእናትየዋ ሰውነት ውስጥ ማነሱ ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለ እርግዝና የገጠማቸው 1817 ሴቶች በሰባት አገሮች ተመርምረው፣ ውጤቱ በ1983 ዓ.ም. ወጣ። ቪታሚኑን ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው የወሰዱት ዘንድ ችግሩ በመቶ 72 ያህል ቀነሰ። በእኛም አገር ችግሩ ከብዙ አገሮች የበዛ መሆኑን አዲስ አበባና ትግራይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉልን። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ እናትየዋ ወር አበባዋ ቀረ አልቀረ እያለች ነው እንጂ ማርገዟን በቅጡ አላወቀችም። የኛ ሴቶች ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሆዳቸው ሲገፋ፣ በአራተኛው ወር ነው። እዚያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ለደም ማነስ እጅግ ይጠቅማል፤ ማንም እንዳያቋርጠው። ለጀርባው ግን ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ መውለድ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ፣ እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። መርፌውን የምታቆም ወይም ከክንዷ የተቀበረውን መከላከያ ልታስወጣ የሄደች፣ በዚያው ቀን ስለ ክኒኑ ትጠይቅ። ልጅ የምትድሩ ወላጆችም ለሠርጉ ስታስቡ ይህን አብራችሁ አስቡ፤ ከአንድ ፍየል ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ወጪ ነው። በረመዳን ካፈጠሩ በኋላ መዋጥ ይቻላል።

«ጎመን እንበላለን፣ ማሾና ምስርም አለን፣ አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። መልካም ምግብ ነው፣ ብሉት። ነገር ግን ጎመኑን አብዝተን ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ ቪታሚኑም አብሮ ይደፋል። ደግሞም በምግብ ብቻ የሚፈለገውን ያህል ማግኘት ያስቸግራል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የፋብሪካ ስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት አስገዳጅ ማድረጉ ደግ ነው፤ ግን እኛ ማሽላና ጤፋችንን ወፍጮ ቤት አስፈጭተን የምንበላ ሰዎች ምን ደረሰን? ጨው ላይ ይጨመር የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኛም ይህን እንደግፋለን። ጨው የማይገባበት ቤት የለም። አዮዲንም በጨው ነው የደረሰን።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እህት የሚያስፈልጋት አሥር እጥፍ፣ ማለት 4 ሚሊግራም ነው። ይህን ሐኪም ያዝላት እንጂ ተራውን ክኒን አሥር አሥር አድርጋ እንዳትውጥ፤ ብረቱ ይጎዳታል። ከረጢት ይዞ የተወለደ ሕፃንም በቤት አይሸሸግ። በቶሎ ከደረሰ በቀዶ ሕክምና የሚረዳ ሐኪም አለ፤ አዲስ አበባ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ለጉዞ የቸገረው ቤተሰብ ለማኅበሩ ያስታውቅ፤ መዋጮ እናሰባስባለን።

ጥያቄ ያላት እህት በጉባኤ ፊት መናገር ካፈረች፣ ከስብሰባው በኋላ የሴቶች ተጠሪያችንን ለብቻ ታነጋግር። አሁን ወደ ቆሻሻው ጉዳይ እንለፍ።