የተቀመጥከው ከማን ጋር ነው?

እሷ፦ ደብረ ብርሃን ሲመሽ ብርዱ ሰውን ወደ ቤት ይነዳል። ካርታውም ቤቲንጉም የሚደምቀው ያኔ ነው። አንተ ደግሞ ዛሬ የፖከር ጠረጴዛ አመራረጥን አንስተሃል።

እሱ፦ አዎ። ፖከር ላይ ትርፍ የሚገኘው ከሌላው ተጫዋች ኪስ ነው፤ ቤቱ ኮሚሽኑን ብቻ ይቆርጣል። ስለዚህ ነቄ ተጫዋች ካርታ ሳይታደል ማን እንደተቀመጠ ያጠናል። በዓለም አሥረኛ ቢሆን እንኳ፣ ዘጠኙ የሚበልጡት አብረውት ካሉ ይከስራል።

እሷ፦ ከአንኮበር መጥቶ ቤቲንግ ቤት የሚገባው ልጅስ?

እሱ፦ እሱማ የሚጫወተው ከቤቱ ጋር ነው! ሁለት እኩል ቡድኖች ተጋጠሙ እንበል፤ አቻ የለም። ትክክለኛው ኦድ፣ ማለትም ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ 2.00 ነው። ቤቱ ግን ለሁለቱም 1.85 ቢሰጥ፣ ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 92 ብር ከ50 ነው።

እሷ፦ «ምን አላት!» ይሉሃል።

እሱ፦ አሥር እንዲህ ያለ ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ ሲደረድር ግን ቅነሳው ይባዛል። በአማካይ የሚመለሰው 46 ብር ገደማ ይሆናል።

እሷ፦ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጆቹ ማን እንደተጎዳ፣ ማን እንደሚሰለፍ ከእኛ በላይ ያውቃሉ፤ ያ ዕውቀት ግን ቀድሞ ኦዱ ውስጥ ገብቷል።

እሱ፦ ካርታ ላይ ተነስተህ ሌላ ጠረጴዛ ትፈልጋለህ። ቤቲንግ ላይ ግን ቤት ብትቀይርም ኮሚሽኑ አይቀርም።

እሷ፦ የዕቁብ ብር ይዞ ትኬት የሚቆርጥ ወንድም ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ይህችን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አሳዩት።