ልጅ የሚያሳድግ አባት ሰውነቱን እንዴት ይጠብቅ?

(በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ የተነገረ)



ባለፈው ክረምት ድንኳን ልንተክል የወጣንበትን ቀን የምታስታውሱት ይመስለናል። ዝናቡ ሳይደርስብን ብለን የመካከሉን ምሰሶ አነሣን፤ ግማሽ መንገድ ሳንሄድ ሦስታችን ቁጭ አልን። አንዳችንም 50 ዓመት አልሞላንም። ምሰሶውን ተቀብለው ያቆሙት ዕድሜ ልካቸውን በእግራቸው የሚሄዱ አንድ የ65 ዓመት አዛውንት ናቸው። ለቀስተኛው ባይስቅብንም እኛ አፈርን። ከሐፍረቱ ይልቅ ግን ያሳሰበን ሌላ ነው። ገና ትንንሽ ልጆች አሉን። እድሩ ለሟች ቤተሰብ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል፤ ልጅን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ግን ከሣጥኑ አውጥቶ ሊሰጥ አይችልም።

ወጣት ሳለን ኳሱንም ሩጫውንም እንችል ነበር። ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፤ ጧት ታክሲ ጥበቃ፣ ቀን ወንበር ላይ፣ ማታ ድካም። «ጊዜ የለም» የምንለው ሐሰት አይደለም። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው። ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። ባንድ ጊዜ መሆኑም ግዴታ አይደለም፤ ጧት ልጁን በእግር ትምህርት ቤት ማድረስ 15፣ ማታ ከታክሲ ቀደም ብሎ ወርዶ መምጣት 15። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ነገር ይጨመር ይላሉ። ለዚህ ብረት መግዛት አያሻም፤ የሦስት ዓመት ልጅ ታቅፎ ቁጭ ብድግ ማለት ነው፤ ልጁም «ድገመው አባዬ» እያለ ማረፊያ አይሰጥም።

«ዕድሜያችን አለፈ» ለምትሉ፦ ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ሙኒክ ላይ ሦስተኛ ሲወጣ 40። እርግጥ እሱ ማሞ ነው፤ እኛ ገበያ ደርሰን ብንመለስ ይበቃናል።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ከመካከላችን አንዱ ስፖርት ጀመርኩ ብሎ እሑድ እሑድ ጧት ይወጣና ከጨዋታው በኋላ ቁርጥና ቢራ ተጨምሮበት ዘጠኝ ሰዓት ይገባ ነበር። ባለቤቱ «አንተ ጤነኛ ስትሆን እኔ ልታመም ነው» አለችው። ልክ ናት። ሌሊቱን ሕፃን ስታባብል ያደረች ሴት ላይ ቤቱን ጥሎ መውጣት ስፖርት ሳይሆን ሽሽት ነው። አሁን ትልቁን በእጁ፣ ትንሿን በትከሻው አድርጎ ይወጣል፤ እሷ ትተኛለች፣ ሲላትም በተራዋ ከጎረቤቶቿ ጋር ትራመዳለች። ቁርጡም ቀረ ማለት ይቻላል።

ደግሞ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ሳይለኩት አይታወቅም። ተደጋግሞ ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ሐኪሙን ያማክር። ሲራመድ ደረቱን ጭንቅ የሚያደርገውም «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ፌጦ አይጠጣ፤ እርምጃውን አቁሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ከመጪው እሑድ ጀምሮ ጧት በ12 ሰዓት ተኩል በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ እንገናኛለን። ልጅ ይዞ መምጣት ይፈቀዳል። ቅጣት የለውም፤ የቀረ ሰው ግን በሚቀጥለው ድንኳን ተከላ የመካከሉ ምሰሶ የእሱ ነው።