የተጣበቀው ታምቡር

ዛሬ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ላወራችሁ ነው። ግራ አትጋቡ፤ ልባችሁ ጋ መድረሴ አይቀርም።

አባታችን ሲያርፍ የተወልን አንድ አሮጌ ቮልስ ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ በመኪናውና በቤቱ ተጣላን። መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁሜ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ እንደዚያው አምስት ክረምት አለፈው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መድረክ ላይ ቆሜ ስለ ይቅርታ እሰብክ ነበር። አዎ፣ እኔው ራሴ!

አንድ ቀን ላንቀሳቅሰው ተነሣሁ። ሞተሩ ተነሣ፤ የእጅ ፍሬኑን ብለቅም የኋላ ጎማዎቹ ግን ወይ ፍንክች! ጎማውን ፈታሁና የታምቡሩን ጠርዝ በማርቴሎ እደበድብ ጀመር። ታምቡር ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው፤ ሲመቱት ይሰበራል እንጂ አይለቅም። ከጠርዙ ቁራሽ ሲወድቅ ደነገጥኩና የሰፈራችንን ሽማግሌ መካኒክ ጠራሁ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ፓስተር፣ ምን አድርጎህ ነው የምትደበድበው? የተያዘው ከውስጥ ነው እኮ!» አሉኝ።

የሠሩትን ልንገራችሁ። ጎማውን መልሰው አስረው መኪናውን መሬት ላይ አወረዱት። ዳዶውን የሚቆልፈውን ፒን ነቀሉ። ዳዶው ባለ 36 ሚሊሜትር ነው፤ ሲታሰርም ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ስለዚህ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ሰክተው አላሉት። መኪናው በክሪክ ተሰቅሎ ቢሆን ያ ጉልበት ይጥለው ነበር። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፈው ኋላውን አነሡና በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳረፉት።

ቀጥሎ በትንሿ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተው የፍሬን ሸራውን ማስተካከያ ጥርስ በጥርስ ወደ ኋላ መለሱት። ታምቡር ሲያረጅ ውስጡ ይበላና ዳሩ ላይ ከንፈር ይሠራል፤ ሸራው እዚያ ላይ ይያዛል። ሸራው ካልተሰበሰበ ታምቡሩ አይወጣም። አክስሉ ላይ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አፍስሰው አሳደሩት። በማግስቱ ታምቡሩ ድንገት ተወርውሮ ሰው እንዳይመታ ዳዶውን በጥቂት ጥርስ አስይዘው ፑለር አሰሩበት። ጠበቅ፣ ቆይ። ጠበቅ፣ ቆይ። በመጨረሻ «ጧ!» ብሎ ለቀቀ።

ውስጡ ያለውን አቧራ እፍ ልል ስል እጄን ያዙኝ። «አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ይኖርበታል፤ ሳንባ ይጎዳል። አርጥበህ ጥረገው» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ጌታ እዚያው ግቢ ውስጥ ተናገረኝ። አምስት ዓመት ወንድሜን ከውጭ ስደበድበው ነበር። ፍሬኑን የሳብኩት ግን እኔ ነኝ። ጴጥሮስ «ስንት ጊዜ ይቅር ልበል?» ብሎ ሲጠይቅ ጌታ ስለ አንድ ባሪያ ነገረው። ሊከፍለው የማይችለው ዕዳ ተተወለት፤ ወጣና በጥቂት ዕዳ የባልንጀራውን ጉሮሮ አነቀ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

አንተስ? አንቺስ? ይቅርታ በደሉ አልነበረም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ውስጣችሁን ሰብስቡ፤ መንፈስ ቅዱስ ዝገቱ ውስጥ እንዲገባ ጊዜ ስጡት። የበደላችሁ ሰው ዛሬም የሚመታ ከሆነ ይቅር በሉት፤ ግን ብቻችሁን አትሂዱ፣ የታመኑ ሽማግሌዎች አብረዋችሁ ይሁኑ። ከታረቃችሁ በኋላም የድሮውን አቧራ እፍ አትበሉት። ማርቴሎውንም አስቀምጡ፤ እኔ የሰበርኩት ታምቡር ተመልሶ አልተጠገነም፣ ሌላ ነው የገዛነው። የተናገርነውም ክፉ ቃል እንዲሁ ነው።

ያን ዕለት ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። ዝም አለ። ሌላ የምለው ስላጣሁ፣ «የቮልሱ ታምቡር ወጣ» አልኩት።

ቆየና፣ «የግራው ነው የቀኙ?» አለኝ።

«የቀኙ።»

«እንግዲያ ለግራው ነገ እመጣለሁ» አለ።

ይህን ጽሑፍ ከማስቀመጣችሁ በፊት አንድ ስም ወደ ልባችሁ መጥቶ ይሆናል። በዚያ ስም ላይ አብረን እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ የሳብኩትን ፍሬን ዛሬ እለቃለሁ። እኔ ያልቻልኩትን ጸጋህ ያላቅቀው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።