ለትንሿ ግቢያችን የትኛው የሣር ማጨጃ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ ደጋፊያችን «የሣር ማጨጃ ማሽን ልግዛላችሁ፤ የትኛው እንደሚሻላችሁ ንገሩኝ» ብለውን ነበር። እግዜር ይስጥልን ብለን ስናበቃ ግን መስማማት አቃተን። ገሚሶቻችን የከተማው ሠራተኞች መንገድ ዳር በትከሻቸው አንግተው የሚያጭዱበትን ባለ ቤንዚኑን ፈለግን። ግቢውን በማጭድ አጭደው የቀን ሂሳብ የሚያገኙት ሦስት እህቶቻችን ደግሞ «ማሽኑ ሲገባ እኛ የት እንገባለን?» አሉ። ጥያቄያቸው የእንጀራ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ማሽን ከመምረጣችን በፊት ግቢውን ደህና አድርገን አየነው።

የገላን ኮንዶሚኒየም መሬት ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በብሎኮቹ መካከል ያለችው ቦታችን በእርምጃ 30 በ12 ናት። ሣሩ አብዛኛው ሰርዶ ነው። ዝናቡ እያለ በየሳምንቱ ይመዛል፣ በጋው ሲገባ ግን ውሃ ካላገኘ ባለበት ይቆማል። እንግዲህ የሚገዛው ማሽን ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ተቀምጦ የሚከርም ነው። የት ይቀመጥ? ደረጃውን ተሸክሞ የሚያወጣው የለም፤ ኮሚናሉ ውስጥ ደግሞ እንጀራ እንጋግራለን። ቤንዚን የያዘ ዕቃ እሳት ካለበት ቤት አናስገባም።

ባለ ቤንዚኑ ጉልበት እንዳለው አይካድም፤ ረጅም ሙጃም ቢሆን አይመልሰውም። ነገር ግን በትከሻ ከሚያዙት ብዙዎቹ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር በልኩ ተደባልቆ እንዲገባላቸው ይፈልጋሉ። ዘይቱ ካነሰ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ከበዛ በጭስ ያፍናል። ከሁሉ ያሳሰበን ግን ጠጠሩ ነው። ስለቱ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር ስለሚዞር ያገኘውን ድንጋይ እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል። ግቢያችን ውስጥ ከግንባታው የተረፈ የብሎኬት ስባሪ፣ ሽቦና ምስማር ዛሬም ሞልቷል። ልጆቻችን የሚጫወቱትም እዚያው ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ድምፁ አነስተኛ ነው። ግን ገመዱ ከማን ቤት ይሳብ? የማን ካርድ ይቁጠር? መብራት ሲጠፋስ? እርጥብ ሣር ላይ ገመድ መጎተቱ ራሱ አደጋ አለው፤ ስለቱ ገመዱን ከቆረጠ ነገሩ ከሣር ያልፋል። ባለ ባትሪው ከገመድ ያሳርፋል፤ ባትሪው ሲደክም ግን ሌላ መግዣ ከየት እናመጣለን?

የቀረው ያለ ሞተር በእጅ የሚገፋው ነው። ይህ ዕቃ አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830 ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ የሠራው ነው። ሐሳቡን ያገኘው ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅ ፊት ከሚላጭበት ማሽን ነው ይባላል። የአቃቂ ሰው ለጨርቃ ጨርቅ እንግዳ ስላልሆነ ይህንን ስንሰማ ደስ ብሎናል! ሲገፋ ስለቶቹ አብረው ይዞራሉ፣ ሣሩንም እንደ መቀስ ይቆርጡታል። ቤንዚን አይጠጣም፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ታነሳዋለች።

ጉድለት አለው። ረጅም ሣር ፊት ለፊቱ ይተኛበታል፣ ሽቦ ከገባበት ይቆማል፣ ጭቃ ላይ ጎማው ይያዛል። ስለዚህ አፈሩ ጠፈፍ ሲል፣ በክረምት በየሳምንቱ መገፋት አለበት። ሳምንት ካለፈና ሣሩ ከረዘመ መጀመሪያ ማጭድ ይገባል። ማጭዱን አንጥልም ማለት ነው።

ለገዢው ደጋፊያችን የምንለው ይህ ነው፤ የስለቱ ስፋት ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር ቢሆን ለጥጋጥጉ ይመቸናል። ጎማው ትልቅና ሰፊ ይሁን፣ የቁመት ማስተካከያም ይኑረው። ሱቅ ውስጥ ስለቶቹ መካከል ወረቀት አስገብታችሁ በጥንቃቄ አዙሩት። ወረቀቱን እንደ መቀስ ከቆረጠው ደህና ነው፣ ካኘከው ይቅርባችሁ።

የእህቶቻችንን ጉዳይ እንዲህ ተስማምተናል። ማሽኑን የሚይዙት ራሳቸው ሦስቱ ናቸው። ክፍያቸው በቀን መሆኑ ይቀርና ግቢው ታጭዶ በተጠናቀቀ ቁጥር ይሆናል፤ ሥራው በግማሽ ቀን ስላለቀ ገንዘባቸው አይቀነስም። ከበስተኋላ ያለው ጥግ በማሽን አይነካም፤ ሣሩ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይቆይና በማጭድ ታጭዶ በእስር ይሸጣል። ገቢው የእነርሱ ነው። አንዳንዶቻችሁ ለማኅበሩ ሣጥን ይግባ ብላችሁ ነበር፤ ድምፅ ተሰጥቶበት አልፏል።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ግን ሽቦውና ስባሪው መለቀም አለበት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ ጓንትና ማዳበሪያ ከረጢት ይዛችሁ ውረዱ። አካፋ ያላችሁም አምጡ። ቡናው ከኮሚቴው ነው።