የሦስተኛ ወገን ስቲከር የማን ነው?



ድሬዳዋ ላይ ከመጋላ ወደ ከዚራ ስትሻገሩ ከፊታችሁ የሚሄደውን ባጃጅ መስታወት ልብ ብላችሁ እዩት። የሦስተኛ ወገን ስቲከር ተለጥፎበታል። ባለንብረቱን «ኢንሹራንስ አለህ?» ብትሉት «እንዴታ!» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። ግን ደጋ ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ቢሞላና ባጃጁን ቢወስድበት፣ በዚያ ስቲከር አንዲት ሳንቲም አያገኝም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ምን እንዳደረገን የሚያስታውስ የድሬ ሰው ይህን በዋዛ አይሰማውም።

ስቲከሩ የመንገደኛው ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገደዱት፣ ቀፊራ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ የምትሻገር እናት ብትገጭ እሷም ልጆቿም ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ነው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን ያልገባ መኪና ለጎዳው ሰው ደግሞ የመድን ፈንድ የሚባል አለ። አስቸኳይ ሕክምና ማግኘትም በዚሁ ሕግ የተደነገገ የተጎጂው መብት ነው። እባካችሁ ይህን መኪና ለሌላቸው ጎረቤቶቻችሁ ንገሩልኝ። እኔን የሚያሳዝነኝ መብቱን ሳያውቅ ላም ጥጃ ሸጦ የሚታከመው እግረኛ ነው።

ካሳው ግን ጣሪያ አለው። በአዋጅ 559 ዘመን ሰው ቢሞት መድን ድርጅቱ የሚከፍለው ከ40,000 ብር አይበልጥም ነበር። መጠኑ በየጊዜው ስለሚከለስ የዘንድሮውን ውል ስታድሱ ጠይቁ። ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ከወሰነ ልዩነቱን የሚከፍለው ባለንብረቱ ነው።

የራሳችሁን መኪና የሚጠግነው ሌላ ውል ነው፤ ሙሉ ኢንሹራንስ የምንለው። ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳት፣ ስርቆት አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ አሉ። ሁከትና ብጥብጥ ግን እንደ ደንቡ ተጨማሪ አረቦን (የመድን ክፍያ) ተከፍሎበት ለብቻው የሚገዛ ነው። ጎርፍንም «ይኖራል» ብላችሁ አትለፉት፤ ውሉ ላይ በስሙ ተጽፎ እንደሆነ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ለቤት አገልግሎት ተብሎ መድን የተገባለት መኪና ተሳፋሪ እየጫነ ቢጋጭ ደግሞ ከመድን ድርጅቱ ጋር ጭቅጭቁ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ከሁሉም በላይ ብዙ ሰውን እየጎዳ ያለው ውሉ ላይ የተጻፈው የመኪናው ዋጋ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ የድሮው ነው። እንበል መኪናችሁ ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል፤ መድን የገባችሁት በ1 ሚሊዮን ነው። ደንገጎ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎ የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስ፣ 200,000 አታገኙም፤ የምታገኙት 100,000 ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ለጎደለው ግማሽ ራሳችሁ መድን ሰጪ እንደሆናችሁ ይቆጥራል። በየዓመቱ ስታድሱ የዛሬውን ዋጋ አስገምቱ፤ አረቦኑ ከፍ ይላል፣ ይበል።

አደጋ ከደረሰ በኋላስ? የተጎዳ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን አንሱ። ትራፊክ ፖሊስ ይጠራ፤ ፎቶ አንሱ። ለመድን ድርጅቱ በሕጉ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባችሁ። ድሬ ላይ ሰው ቶሎ ይታረቃል፤ «ተውት፣ ወንድማማች ናችሁ» የሚል ሽማግሌ ከየጥላው ስር አይጠፋም። ይህን ጠባያችንን እወደዋለሁ። ነገር ግን «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ድርጅቱ «ሳታማክሩኝ የገባችሁት ቃል አይመለከተኝም» ሊል ይችላል። እርቁ ይቆይ፤ መጀመሪያ ስልክ ደውሉ።

ስፖኪዮ ተሰበረ፣ ፓራውልት ተጫረ ብሎ ለሁሉም ካሳ መጠየቅ ግን አያዋጣም። ከእያንዳንዱ ካሳ ላይ እናንተ የምትሸፍኑት ድርሻ አለ፤ ዓመቱን ካሳ ሳይጠይቅ ለጨረሰ ሰው የሚደረገው ቅናሽም ይቀራል። ጋራዥ ሄዳችሁ ዋጋ አስወጡ፤ ጥገናው ከድርሻችሁ ብዙም ካልበለጠ በራሳችሁ ጠግኑት።

ሰው ከተነካ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ልጁ ከወደቀበት ተነስቶ ልብሱን አራግፎ «ምንም አልሆንኩም» ቢላችሁ እንኳ ሐኪም ይየው፤ ትራፊክ ፖሊስም ይመዝግበው። በሦስተኛው ቀን ራሱን ሲያመው፣ ካሳ የሚያስገኝለት የዚያን ቀን የተጻፈው ሪፖርት ነው።